እማማ ዘነቡ በቴሌቪዥን

ስልኩ ሲጮህ አስካለማርያም ሳታስበው አረንጓዴዋን ምልክት ነካች። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህች ላይ ነው።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ኦክላንድ ያለው ሳሎኗ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ወንድሟ አክሊሉ ሳንሆዜ፣ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ ሞቶ ከተገኘ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ቀኑም ምን እንደሆነ አታውቅም። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ መንገሻ፣ "እስቲ ፎቶዎቹን ቲቪው ላይ ኮኔክት አድርጊልን፤ ልጁን እንየው" ሲሏት፣ የሟቹን ስልክ እሱ ራሱ በሕይወቱ እንዳሳያት አድርጋ አገናኘችው።

እናታቸው እማማ ዘነቡ ግን ገና አልተረዱም። ልባቸው ደካማ ነው። ጋሽ መንገሻ ደብረ ብርሃን ደውለው፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ የንስሐ አባታቸውና ጎረቤቱ ተሰብስበው እንዲያረዷቸው ጨርሰዋል። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተብሏል። መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ?

ቀኑ ለካ ቅዳሜ ነበር። አክሊሉ በየቅዳሜው ከሳንሆዜ እየነዳ ይመጣል፤ ረፋድ ላይ እናቱ ሲደውሉ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ያገናኝና ግድግዳ የሚያህል ፊታቸውን እያየ ቁርሱን ይበላል። ወፈርሽ እያለ ያበሽቃቸዋል። በመጨረሻም ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ ያዞርላቸዋል፤ ራሳቸውን ያን ያህል ገዝፈው ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይስቃሉ። የእሱ እጅ ወጥ ስለሚነካ፣ ስልኩን ማንሳት ሁልጊዜ የአስካለ ሥራ ነበር።

አሁንም እጇ የለመደውን ሠራ። እማማ ዘነቡ ቴሌቪዥኑን ሞልተው ብቅ አሉ። ቤቱ ክው አለ። የጋሽ መንገሻ ብርጭቆ አፋቸው ሳይደርስ ቀረ። አስካለ የወንድሟን ሞት ስትሰማ እንኳ እንዲህ አልደነገጠችም።

"አክሊሉስ?" አሉ እናቷ።

"ሥራ ገብቶ ነው እማዬ። ኦቨርታይም።"

"በሱ ስልክ እኮ ነው የደወልኩት።"

"ረስቶት ሄዶ ነው።"

 እማማ ዘነቡ እንደ ልማዳቸው፣ ስልኩን አዙሪልኝና ራሴን ልይ አሏት። እንዴት አድርጋ ታዙረው? ቴሌቪዥኑ ሥር ጥቁር የለበሰ ሰው ተደርድሯል። መስመሩ ተበላሸ ብላ ልትዘጋው አሰበች፤ ጣቷ ግን አልታዘዝ አላት።

አላዞረችውም። ግን ስልኩ እሷን እያሳየ ነበር። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን አንገቷ ሥር አድርጋ መልበሷን ፈጽሞ ረስታዋለች።

እማማ ዘነቡ ሌላ አልጠየቁም። ሠላሳ ሰው እያያቸው ነጠላቸውን ከትከሻቸው ቀስ ብለው አወረዱ። ጥለቱን በጣታቸው እየዳበሱ ፈለጉት። ከዚያም ነጠላውን ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው መልሰው ለበሱት።