የሲቲ ደም ግፊት

በዳንግላ ከተማ፣ ከገበያው በላይ ባለው የሐሰን ቤት፣ ከእንግዲህ ወጥ ውስጥ ጨው የማይገባ መሆኑ ባለፈው መስከረም በምሳ ሰዓት በይፋ ታወጀ።

አዋጁን ያስነገረችው ሚስቱ ሲቲ ናት። ምክንያቱም ደም ግፊቷ ነው። ታናሽ ወንድሙ አብራርና ነርስነት የምትማረው ልጁ አፊያ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ሐሰን ጨው በጆንያ የሚሸጥ ባለሱቅ ቢሆንም አልተከራከረም። የሚበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ አንዱ ከታመመ ሁሉም የእሱን ምግብ ይበላል።

ከዚያ ወዲህ ሚስቱን እንደ እንቁላል ተንከባከባት። ባልዲ አታንሺ፣ ዳገት አትውጪ፣ ከጎረቤት አትጣዪ ይላታል። ሲቲም ትዝ ባላት ቁጥር ግንባሯን ያዝ ታደርጋለች።

ሐሰን ግን አንድ የምታሳፍረው ነገር ነበረችው። ረፋድ ላይ ጎረቤቱ ሽባባው፣ እህል ነጋዴው፣ ትኩስ ቅቅል ድንች በፌስታል ይዞለት ይመጣል። ሁለቱ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጠው ድንቹን ጨው እያስነኩ ይበላሉ።

"ሲቲ እንዳትሰማ" ይላል ሐሰን፣ አፉን እየጠረገ።

"የታመመች ሚስት ቤት አስቀምጦ ጨው የሚልስ ባል" ይላል ሽባባው፣ "እንዲህ ያለውንማ ጀሀነምም አይቀበለው።"

ሐሰን ይስቃል፤ ማታ ግን ከሚስቱ ፊት ቀና ብሎ መቀመጥ ያቅተዋል።

ዛሬ ጠዋት አብራር እንጅባራ ሐኪም ዘንድ ወሰደው። እግሩ ያብጣል። እብጠቱ፣ እንደ አብራር አባባል፣ ጫግኒ ሲመላለስ ያመጣው የቆላ ነገር ነው። ሌላ ጊዜ አብራር "ለእኔ ይንገሩኝ" እያለ ሐኪሙን ወደ ኮሪደር ይጠራው ነበር። ዛሬ ስልክ ተደወለለትና እሱ ራሱ ወጣ። ሐኪሙ ግፊቱን ለካ፤ አላመነውም መሰል ደግሞ ለካ። ከዚያ የሐሰንን የእጅ አንጓ በጣቱ ጫን አድርጎ ቆየ።

"አባቴ፣ ደም ሥርዎ ደንድኗል።"

"ከምን የመጣ ነው?"

"ከኩላሊቱ ነዋ። ኩላሊት ሲደክም ሰውነት ውስጥ ለውስጥ ይቆጣል። ሲቆይ ደም ሥሩን ያደርቀዋል፤ ልብም ላይ ይበረታል። ጨውማ ትተዋል፣ አይደል? ባለቤትዎና ልጅዎ ባለፈው መጥተው ከቤት አስወጥተናል ብለውኛል።"

ሐሰን ድንቹ ታየው። ለሚስቱ ሲል የተሸማቀቀባት እያንዳንዷ ጉርሻ ታየችው።

"አዎ፣ ትተናል" አለ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ አብራር ጠጋ አለው። "ጋሼ፣ ምን አለህ?"

"የቆላ ነገር ነው አለኝ።"

"እኔስ ምን አልኩህ?" አለ አብራር፣ እፎይ ብሎ ወንበሩ ላይ እየተደገፈ።

ሐሰን የወንድሙን ፊት ትክ ብሎ አየው። በልጅነቱ ተሸክሞ ያሳደገው ሰው ነው። እንዲህ አምሮበት እንደሚዋሽ ግን አያውቅም ነበር።

ዳንግላ ሲደርሱ ሱቁ ጎራ ብሎ ከጆንያው ጨው ዘገነና በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ምሳ ሽሮ ነበር። ትሪውን ከበው ቢስሚላህ አሉ። ሐሰን ወረቀቱን ፈታና በሲቲ በኩል ባለው ሽሮ ላይ ጨው ነሰነሰ፤ ትንሽም አይደለም። ማንም አልደነገጠም። አብራር እንጀራውን ቆረሰ። አፊያ ውሃዋን ጠጣች።

"ምነው?" አለች ሲቲ ብቻ።

"ይጣፍጥሽ ብዬ ነው።"

"አይ አንተ" ብላ ከጨዉ ላይ ጠቅለል አድርጋ ጎረሰች። ጣፍጧታል፤ አይኖቿ ተናገሩባት።

ያኔ ሐሰን የተረፈውን ጨው በእፍኙ ይዞ ወደራሱ በኩል አመጣው።

ሦስት እጅ አንድ ላይ አንጓውን ያዘው። የአፊያ ጣት ሐኪሙ የጫነው ቦታ ላይ አረፈ። ጨዉ እንደተዘገነ ትሪው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

"ግፊት ያለባት እሷ አልነበረችም?" አለ ሐሰን።

ሦስቱም አንጓውን ጠበቅ አደረጉት። እሱም እጁን አልሳበም፤ ጨዉንም አለቀቀም። ሲቲ ግንባሯን ያዝ ልታደርግ አሰበች መሰለኝ፤ እጇ ግን የባሏ አንጓ ላይ ነበር።