አባቷን ከወንበሩ ያስነሳች አብራሪ

አባትና ልጅ በአንዲት ባለ አራት ወንበር አውሮፕላን ጎን ለጎን ተቀምጠው መሥራት ከጀመሩ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ካፒቴኑ ዕድሜውን ሙሉ ከየገጠሩ በሽተኛ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ልጁንም ራሱ አስተምሮ ለፈቃድ ሲያበቃት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ፣ "ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝ" ብሎ ነበር።

ያን ዕለት ከኋላ የተቀመጡት ሆዱን ይዞ የሚያቃስት ገበሬና ሚስቱ ነበሩ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ የማረፊያው መብራቶች ከሩቅ ታዩ። ይሄኔ ካፒቴኑ የውስጥ መብራቱን እስከ መጨረሻው አደመቀው፤ የፊቱ መስታወትም ውጭውን ትቶ የራሳቸውን ፊት ያሳያቸው ጀመር።

"አባዬ፣ መብራቱን ቀነስ አድርገው። ውጭው ጠፋኝ።"

"የመሣሪያዎቹን ጠቋሚዎች ማየት አለብኝ።"

ቀነሰችው። መልሶ አደመቀው።

ለማረፍ ሲቃረቡ ፍላፑን፣ ማለትም አውሮፕላኗ ፍጥነቷን ቀንሳም እንዳትወድቅ ከክንፉ ጀርባ ወደ ታች የሚዘረጋውን ሳንቃ፣ ሙሉ በሙሉ ማውረድ ነበረበት። ግማሹን ቀደም ብሎ አውርዶታል። እጁ ዳበስ ዳበስ ብሎ የፍላፑን ማዘዣ እጀታ አገኘና "ሙሉ ፍላፕ" አለ፤ የገፋው ግን ወደ ላይ ነው። ሳንቃው ሲሰበሰብ አውሮፕላኗ ከሥራቸው ከዳቻቸው። ልጅቱ ለሞተሩ ጉልበት ሰጠች፤ ከዚያ የአባቷን እጅ ከነማዘዣው ጨብጣ ወደ ታች መለሰችው። አውሮፕላኗ መሬት ነክታ ነጠረች፣ ተንገዳገደች፣ ቆመች።

"ንፋስ ነው" አለ ካፒቴኑ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሮ። ንፋስ የሚባል ነገር አልነበረም።

ቤት ሲገቡ ለእናቷ ጓዳ ውስጥ ነገረቻት። እናትየው ብዙም አልደነቃት። "አውቃለሁ። ሻይ ሲቀዳ ከስኒው ውጭ ነው የሚያፈሰው። ብቻ አደራ፣ ሰው ፊት እንዳታዋርጂው።"

ልጅቱ አባቷን ለብቻው ጠብቃ ለመነችው። "ዓይንህን ታይና ራስህ ተናገር፣ አባዬ። አብሬህ እሄዳለሁ።"

"የኔ ዓይን ምንም አልሆነም። አንቺ ነሽ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ የመጣሽው" አላት።

አባቷ ሌላ በሽተኛ እንዲያመጣ መመደቡን የሰማች ቀን የመሥሪያ ቤታቸው ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባች። የሆነውን አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

"አባትሽ መሆኑን አስበሽበታል?"

"አስቤበታለሁ" አለች።

ካፒቴኑ ተመረመረ፤ ፈቃዱንም ተነጠቀ። ወንበሩ ለልጁ ተሰጠ። አልጠየቀችም፤ ግን ማን ያምናታል? ሜካኒኮቹ "አባቷን አስነስታ ቁጭ አለች" እያሉ ሲያሟት በጆሮዋ ሰምታለች።

አባቷ አልሰደባትም፣ አልተቆጣትም። አንቱ አላት። ማታ ስትገባ "እንደምን አመሹ፣ ካፒቴን" ብሎ ራቱን ሳይጨርስ ከገበታው ይነሳል። እናትየው በመሃል ሆና ሳህን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች። ልጅቱ መጨረሻ ላይ ልብሷን ሸክፋ ሌላ ሰፈር ቤት ተከራየች።

ዓይኑን ቀዶ ጥገና እንዲደረግለት ሲወሰን፣ "ትልቁ ሆስፒታል ድረስ እኔ ላድርሳችሁ" ብላ ላከችበት። በአውቶቡስ ሄደ። ያን ሁሉ መንገድ ተንገላቶ ሲደርስ ዶክተሩ አንዱ ዓይን እንዳለቀለት፣ ሌላው ምናልባት ጥላና ብርሃን ለይቶ እንደሚያይ ነገራቸው። ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር አለ።

ልጅቱ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ልትጠይቀው ስትመጣ ዓይኖቹ በፋሻ ተሸፍነው ነበር። እናቷ ጎንበስ ብላ፣ "ልጅህ መጥታለች" አለችው።

ወደ ግድግዳው ዞረ።

"ንገሪያቸው" አለ ለሚስቱ፣ "ወንበሬ አንድ ሌሊት እንኳ ባዶ አላደረም።"

ልጅቱ ያመጣችውን ብርቱካን ለእናቷ አቀብላ ወጣች። ከሰዓት በኋላ በረራ ነበራት።