«ተማሪዎች» የሚለው ፋይል

የኮምፒውተር መምህርቷ ክፍል ውስጥ ዐሥራ አንድ ጎልማሶች ነበሩ፤ ሾፌር በሉ ነርስ፣ ሁሉም ሙያ ሊቀይሩ የመጡ ናቸው። በዕድሜ የሚበልጡት ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓይናቸው ስለደከመ ከፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱን ነገር ሦስቴ ካላስደገሙ ደስ አይላቸውም።

የዚያን ቀን ከሰዓት ትምህርቱ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ፋይል ስለማንበብና ስለመጻፍ ነበር።

«ለኮምፒውተሩ የፋይሉን ስም ትነግሩታላችሁ፤ ለማንበብ ነው ወይስ ለመጻፍ የሚለውንም ትነግሩታላችሁ» አለች መምህርቷ። «ከዚያ ያዘዛችሁትን ያደርጋል። እርግጠኛ ናችሁ ወይ ብሎ አይጠይቅም።»

ለምሳሌ ያዘጋጀችው ፋይል ስሙ «ተማሪ» ነበር። ጣቷ ግን በየቀኑ የለመደውን «ተማሪዎች» የሚለውን ጻፈ። ኮዱን አስኬደችና ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ ስክሪን ዞር ብላ ሳታይ፣ ኮምፒውተሩ አልነሣ ያለውን ሾፌር ልትረዳ ጠረጴዛ ሥር ገባች።

«ጋሼ፣ የወጣውን እስቲ ጮክ ብለው ያንብቡልን!»

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ልብስ ሰፊው…» ብለው ጀመሩና ድምፃቸው ቀነሰ። ግን አንብቡ ተብለዋልና አላቆሙም። «ልብስ ሰፊው ጭንቅላቱ ደርቋል። ክፍሉን ወደ ኋላ ይጎትታል። በዘዴ ቢሰናበት ይሻላል።»

መምህርቷ ስትነሣ አናቷ ከጠረጴዛው ተጋጨ። ሮጣ ስክሪኑን ዘጋችው፤ ምን ዋጋ አለው! ፊት ለፊት «እርስዎ» የምትላቸውን አባት ስለ ተማሪዎቿ ለራሷ በያዘችው ማስታወሻ እንደ ተራ ጎረምሳ «እሱ» ብላቸው ተገኘች። ጆሮዋ ጋለ።

«እንግዲህ ኮዱ ይሠራል ማለት ነው» አሉ ጋሼ። ማንም አልሳቀም።

ትምህርቱ ሲያልቅ ደረጃው ላይ ተከትላ ደረሰችባቸው።

«ጋሼ፣ በሞቴ ይቅር ይበሉኝ። እሱን የጻፍኩት ገና መጀመሪያ ሳምንት ላይ ነው፣ ሳላውቅዎት…»

ጋሼ የደረጃውን ብረት ይዘው ቆሙ።

«ልጄ፣ ቀኑም እኮ አብሮ ተጽፏል። ከትናንት ወዲያ ነው። ሰው እንዳይሰማው ብዬ ዘለልኩት እንጂ አይቼዋለሁ።»

ከስድቡ ይልቅ ይቺ ውሸት አንገቷን አስደፋቻት። እሳቸው ቀስ እያሉ ወረዱ።

በማግስቱ መጡ፤ ሰዓታቸውንም አላሳለፉም። ከወር በኋላ የደንበኞቻቸውን ልክ ከፋይል አንብቦ፣ አዲሱን ልክ ደግሞ አሮጌውን ሳያጠፋ ከሥሩ የሚጽፍ ፕሮግራም ሠርተው ለክፍሉ አሳዩ። ነርሷና ሾፌሩ አጨበጨቡ። መምህርቷም አጨበጨበች፤ ዓይናቸውን ግን ማየት አቃታት።

የምስክር ወረቀቱን የሰጠቻቸው እሷው ነበረች። ለዚያ ቀን ብላ ያሰናዳችው የይቅርታ ንግግር ነበራት፤ ሳትናገረው ቀረች። ጋሼ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ። እሷም ቀጣዩን ስም ጠራች፤ ድምፅዋ ስለተሰባበረ ደግማ መጥራት ነበረባት።