የናጃህ ዱዓ

ናጃህ ዙሁርን የሰገደችው እየነደደች ነበር። ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ደፍታ፣ "ያ ረቢ፣ ቆይ እኔ ምን አድርጌህ ነው?" አለችው። እሷ እንዲህ ናት። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ስትማርም ባጃጅ ውስጥ፣ ፈተና ላይ፣ የካፌ ሰልፍ ላይ ከጌታዋ ጋር ታወራለች፤ ሲከፋትም ትቆጣለች። የአዋላጅ ነርስነት ትምህርቷን ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። ለዕረፍት ቡታጅራ ብትመጣ፣ አባቷ ሽፋ ሳይጠይቃት መርካቶ ለሚነግድ ሳላሀዲን ለሚባል ሰው ሊድራት ተስማምቶ ጠበቃት። ሰውየውን የምታውቀው በስልክ ፎቶ ነው።

ዛሬ ሽማግሌዎቹ ከሳላሀዲን አጎት ጋር ሳሎን ተሰብስበው ዱዓ ሊያደርጉ ነው። እነሱ ቤት ደግሞ ሸሁ ለምነው ሁሉም "አሚን" ካለ፣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እምቢ ማለት ዱዓ መርገጥ ነው።

"ነይ እንጂ ልጄ፣ አንቺም አሚን በይ" አለቻት እናቷ ሃሊማ።

"እማ፣ ትምህርቴስ?"

"ባልሽ ያስጨርስሻል።"

"ለምን ብሎ? አባቴ አለልኝ አይደል?"

"ቀስ በይ፣ እንግዳ ይሰማል!"

እንግዳ ይሰማል! እሷን የሚሰማ በጠፋበት ቤት!

ገብታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሸህ ጀማሉ እጃቸውን ዘረጉ።

"አላህ ይህን ኒካሕ ያሳምረው!"

"አሚን!"

"ወልዶ መሳም ይስጣቸው!"

"አሚን!"

የናጃህ እጆች ጭኗ ላይ እንደተጨበጡ ናቸው። አባቷ ገላመጣት። ሸሁም አይተው ፈገግ አሉ፤ ያፈረች መስሏቸዋል።

"ዱዓ ላይ ዝም አይባልም፣ ልጄ። እስቲ አንቺም ለራስሽ ለምኚ።"

ናጃህ እጆቿን ዘረጋችና ድምጿን ልክ እንደ ሸሁ ጎተት አደረገች።

"አላህ ለአባቴ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!"

"አሚን!"

"የጀመርኩትን ትምህርት ያስጨርሰኝ!"

"አሚን!"

"ሳልጨርስ የመጣብኝን ባል፣ ዛሬውኑ በመጣበት ይመልስልኝ!"

"አሚን!" አለ ቤቱ በለመደ አፉ። ከሁሉም ጎልቶ የተሰማው የሳላሀዲን አጎት ድምፅ ነበር።

ምን ላይ አሚን እንዳሉ የገባቸው ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው። ናጃህ እጆቿን አላወረደችም። ሽፋ ደም ሥሩ ተገታትሮ ብድግ አለ።

"አንቺ ባለጌ! በሽማግሌ ፊት..."

"ተቀመጥ፣ ሽፋ" አሉ ሸህ ጀማሉ፣ ፊታቸውን በመዳፋቸው እያበሱ። "እኔ አሚን ብያለሁ። አንተም ብለሃል።"