ከምሳ በኋላ የሚታረመው ታንክ

ወንድሜ ሀናድ ታንክ ሲሠራ ብቻውን ነው። ታንኩ ሲታረም ግን ሰፈሩ በሙሉ ነው።

የእናታችን ወንድም አብቲ ዐብዲራሺድ ቤት ከምሳ በኋላ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ጫት ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ጅግጅጋ ውስጥ የማይታወቅ ነገር የለም። እኔ ሻይ ይዤ እገባለሁ፣ ሀናድ ታንኩን ይዞ ይገባል። ታንኩ ከዱቄት ወተት ቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ጎማዎቹ የለስላሳ ክዳን፣ ሰንሰለቱ ከአሮጌ ሸበጥ የተቆረጠ፣ መድፉ የእስክርቢቶ ቀፎ። ሀናድ እውነተኛውን አንድ ሜትር ወደ ሦስት ሳንቲም አሳንሼ ነው የሠራሁት ይላል። በዚህ አይቀለድበትም።

ዘንድሮ የወጣቶች ማዕከሉ የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ያሸነፈ ከአዳራሹ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለመሥሪያ ይወስዳል። አብቲም በበኩሉ ወስኗል፤ "ካላሸነፍክ ቆርቆሮህን ጥለህ ሽንሌ ትሄዳለህ፣ ሱቄ ውስጥ ትቀመጣለህ።" ሀናድ ሽንሌ ተቀምጦ ሳሙና ሲሸጥ ሳስበው ለሳሙናውም አዝናለሁ።

የማዕከሉ ኃላፊ ወይዘሮ ፀዳለ ስለ ስፌትና ስለ ምንጣፍ እንጂ ስለ ታንክ አላውቅም ብላ ጦርነት የሚያውቁ ሁለት ዳኞች መረጠች። አንደኛው አብቲ ነው። አብቲ የሶማሊያን ጦርነት የሚያውቀው በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሲሸሽ ነው። ሁለተኛው ጡረታ የወጣው ሃምሳ አለቃ፣ ጋሽ ዘነበ። ታንከኛ ነበርኩ ይላል፤ ሚስቱ ግን ስንቅ ክፍል ምስር ሲለቅም ነበር ትላለች። ፍራሹ ላይ እሱ ስላለ ወሬው በአማርኛ ነው።

"መድፉ አጠረ" አለ አብቲ፣ ለጋ ለጋውን ቅጠል እየመረጠ። "ያኔ ተራራው ላይ ቆሞ ጥላው ገበያው ድረስ ይደርስ ነበር።"

"ጎማውም ሰባት ነው" አለ ጋሽ ዘነበ።

"ጋሼ፣ በአንድ ጎን አምስት ነው። ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ" አለ ሀናድ።

"ዩቲዩብ የትኛው ግንባር ነበር?"

ቤቱ ሳቀ። ሀናድ ሰባት አደረገው። ምን ያድርግ፣ ዳኞች ናቸው። በማግስቱ መድፉን አስረዘሙት፣ በሚቀጥለው ቀን እንደገና። ምርቃናው ሲጨምር መድፉም ይጨምራል። በመጨረሻ ታንኩ መሬት ሲቀመጥ በአፍንጫው ተደፋ።

"አሁን መምሰል ጀመረ" አለ ጋሽ ዘነበ።

እኔ አፌን መያዝ አልችልም። "እውነተኛው ሀርሺን መንገድ ዳር ወድቆ የለም እንዴ? ሄዳችሁ ለምን አታዩትም?"

አብቲ እንደ እብድ አየኝ። "በዚህ ሰዓት?"

በዚህ ሰዓት ጫት አለ። ጠዋት ደግሞ እንቅልፍ አለ። ታንኩ ከዚያ ጦርነት ጀምሮ እንደተጋደመ ነው፤ እነሱም እንደዚያው።

ስለዚህ እኔና ሀናድ ሄድን። ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ሥራዬ የግመል ወተት መሸጥ ነው፣ ወተት የምታመጣው መኪናም በዚያው ታልፋለች። ሀናድ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ወረደ። ማርዎ የምትባል ሴትዮ ቤቷ ከታንኩ አጠገብ ነው፤ መድፉ ላይ ሰማያዊ ዲራዕ ቀሚሷን አስጥታለች። ከታንኩ አናት ቀዳዳ የፍየል ጭንቅላት ብቅ ብሏል።

"ልትገዙት ነው?" አለች ማርዎ።

"አይ፣ ሊለካው ነው" አልኳት።

"ልብስ ሊያሰፋለት?"

ሀናድ አልሰማትም፣ ሆዱ አፈር ላይ ነው። ጎማው አምስት ሆነ። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ደግሞ ክፍተት አለ፣ ከሌሎቹ የሰፋ። እንዲህ ሲደሰት ያየሁት የተወለድን ቀን ነው እንዳልል መንታ አይደለንም።

ቤት ገብቶ ሁሉንም አፍርሶ እንደገና ሠራው። ከምሳ በኋላ ፍራሹ ፊት አስቀመጠው። ጋሽ ዘነበ ጎማዎቹን ቆጠረ። ከዚያ አብቲ፣ "አበላሸኸው" አለ።

ሀናድ ስልኩን አውጥቶ የእውነተኛውን ፎቶ አሳየ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ።

"ይሄ እኮ ስንት ዓመት ፀሐይ የመታው ነው" አለ አብቲ። "ኮስምኗል።"

ጋሽ ዘነበ ስልኩን መለሰለት። "ልጄ፣ ታንኩ ራሱ ልክ አይደለም።"

ቤታችን ስንመለስ ሀናድ ጓዳ ገብቶ ረጅሙን መድፍ ከቆሻሻው ውስጥ ፈልጎ አወጣ። ኤግዚቢሽኑ በማግስቱ ነው። "ካልሰማኋቸው ሽንሌ ነኝ" አለ። እውነቱን ነው። እኔ ትንሹን ታንክ አንስቼ አየሁት። ጎማው ልክ፣ መድፉ ልክ፣ ግን ያየነው ታንክ አይደለም። አዲስ ነው፣ ገና ሊዋጋ የሚሄድ ይመስላል።

"መለካት ላይ ጎበዝ ነህ፣ ማየት ላይ ዜሮ" አልኩት። "የማርዎ ልብስስ? ፍየሏስ?"

መጀመሪያ ሊሰድበኝ ነበር። ከዚያ ረጅሙን መድፍ መሬት ጣለና ቀሚሱ ስንት ሳንቲም እንደሚሆን ማስላት ጀመረ። ከእናቴ የድሮ ዲራዕ ጠርዝ ቆረጥን። ፍየሏን ከጭቃ ሠራናት። ዝገቱን ከአሮጌ የብረት ምጣድ ፍቀን ቀባነው።

ጠዋት የአዳራሹ በር እንደተከፈተ መጀመሪያ የገቡት የሀርሺን መንገድ ወተት ሻጮች ናቸው። አንዷ ገና ከበሩ፣ "ኧረ የማርዎ ታንክ" አለች። ሌሎቹ ተንጋግተው መጡ። አንዱ ሹፌር መድፉን በጣቱ እያሳየ፣ እዚህ ጋ ጎማ ተንፍሶብኝ ጥላው ሥር ተቀምጫለሁ አለ። ሰው በሰው ላይ ሆነ። ወይዘሮ ፀዳለ ዳኞቿን ወደ ፊት ጠራች። "እንግዲህ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ይመስላል?"

አብቲ ሰዉን አየ፣ ታንኩን አየ። "በእኔ ምክር ነው የተሠራው" አለ። "ሂድና ለካው ያልኩት እኔ ነኝ።"

"አምስት ጎማ ብዬው ነበር" አለ ጋሽ ዘነበ።

ክፍሏ የሀናድ ሆነች። ሽንሌ ያለው ሱቅ ግን አሁንም ሰው ይፈልጋል፤ አብቲ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ሲዞር የወተት ጀሪካኔን አንስቼ ከወተት ሻጮቹ መሃል ገባሁ።

እዚያ ከእነሱ ጋር የመጣችው ማርዎ ቆማለች። ትንሹን ታንክ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"የእኔ ፍየል አንድ ቀንዷ የተሰበረ ነው" አለች።

ሀናድ ወዲያው መቁረጫውን ከኪሱ አወጣ። ጋሽ ዘነበ ከኋላ ራሱን ነቀነቀ።

"ይሄንንም ብዬው ነበር" አለ።