አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን

ጀማሉዲን ወር ሙሉ ስለ ጎማ ሲጨቀጭቅ ከርሞ በመጨረሻ ያገኘው መልስ ስብሰባ ነበር። በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ለሁሉም ነገር መልሱ ስብሰባ ነው። እሱ የሚሠራበት የኮምቦልቻ ፋብሪካ የስፖርት ኮሚቴ ስድስት ሆኖ ተቀመጠ፤ ከስድስቱ ብስክሌት የሚነዳ አንድም አልነበረም።

ውድድሩ ከኮምቦልቻ ተነስቶ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ደሴን አቋርጦ ኩታበር ይደርስና ተመልሶ ደሴ ፒያሳ ላይ ያልቃል። አንደኛ የወጣ ለአገር አቀፉ ውድድር አዲስ አበባ ይሄዳል። እስከ ደሴ አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፣ ድንጋዩም ግማሹ ወልቋል። ጀማሉዲን ሁለት ዓመት በተከታታይ እዚያ ላይ ጎማው ፈንድቶ ቀርቷል። ቀጭን ጎማ ድንጋይ ሲመታ እስከ ቸርኬው ይጨፈለቅና የውስጡ ጎማ ይበሳል። ወፍራሙ ዳገት ላይ ይከብዳል፣ እውነት ነው፤ ግን ነፋሱን ትንሽ ቀነስ ካደረጉለት ድንጋዩን እየዋጠ ያልፋል። ይህን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ድንጋያማ መንገድ ወጥቶ ወርዶ ራሱ ሞክሮታል። የፒያሳው ጎሚስታ ጋሽ አብዱልወሀብም «ወላሂ፣ በቀጭን ጎማ ኩታበር የሚሄድ ሰው ጫማው ጠንካራ ይሁን፤ በእግሩ ነው የሚመለሰው» ብለውታል። ጀማሉዲን ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ኮሚቴው ከዘንድሮ በኋላ ለወጣቶች ቦታ ልቀቅ ብሎታል።

ከአዲስ አበባ የመጣው ሁለት ወፍራምና ሁለት ቀጭን ጎማ ነበር። የፋብሪካው ተወዳዳሪዎችም ሁለት ናቸው፤ ጀማሉዲንና በላቸው።

«አድልዎ አይኖርም፣ ጓዶች» አለ ሊቀመንበሩ ጓድ ቀለሙ። «ለእያንዳንዳቸው አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን።»

ተጨበጨበ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ብስክሌት እኮ ሁለቱም እግሩ በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው!» አለ ጀማሉዲን። «አንዱ ቢተርፍ ሌላው ይፈነዳል። ሁለቱንም ወፍራም ለአንዳችን ስጡ። ለበላቸውም ቢሆን ስጡት!»

ይህን የመጨረሻውን ከልቡ አልነበረም ያለው።

«በቃለ ጉባኤ ተይዟል» አለ ቀለሙ ብዕሩን እየከደነ።

ጀማሉዲን ሁለቱን ጎማ በክንዱ አንጠልጥሎ፣ ጆሮው እስኪግል ተናዶ ወጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ወፍራሙን ከፊት አደረገው፣ ከኋላ አደረገው፣ እንደገና ከፊት አደረገው። ከፊት ሲሆን የሰውነቱ ክብደት ያረፈበት የኋላው ያሰጋዋል። ከኋላ ሲሆን ደግሞ የፊቱ ድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ መሪውን ከእጁ ያስለቅቀዋል። በአራተኛው ቀን መፍቻውን ወርውሮ በላቸው ዘንድ ሄደ።

«ወፍራሙን ጎማህን ስጠኝና የእኔን ቀጭን ውሰድ። አንተ ገና ሃያ ሦስትህ ነው፤ የሚመጣው ዓመት ያንተ ነው። እኔ አለቀልኝ።»

በላቸው «እሺ» አለና ጎማውን መፍታት ጀመረ። ጀማሉዲን ስንት ክርክር አዘጋጅቶ ነበርና ይህም አናደደው።

የውድድሩ ቀን በላቸው ሐረጎ ላይ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው ጥሎት ሄደ። ጀማሉዲን «በቀጭን ጎማ ማን አይሮጥም» እያለ ተከተለ። ድንጋዩ ሲጀምር ነገሩ እንዳለው ሆነ። የደሴዎቹ ተወዳዳሪዎች እዚህም እዚያም መንገድ ዳር ተቀምጠው ጎማ ይለጥፋሉ። እሱ ድንጋዩን እየዋጠ አለፋቸው። ያ ኮሚቴ እዚህ ቆሞ ቢያይ ምን ነበረበት!

በላቸውን ግን አልደረሰበትም። ኩታበር ሊገባ ሲል በላቸው ዞሮ ሲመለስ ተገናኙ፤ በዚያ ቀጭን ጎማ፣ በዚያ ድንጋይ ላይ፣ ይበርራል። ጀማሉዲን አንገቱን አዙሮ በዓይኑ ሸኘው። ይህ የጎማ ጉዳይ እንዳልሆነ ገባው።

በመልሱ መንገድ አጋማሽ ላይ በላቸው ብስክሌቱን ይዞ ቆሟል። የኋላ ጎማው ፈንድቶ ተተርትሯል፤ የሚለጠፍ አይደለም። ጀማሉዲን ፍሬን ያዘ።

«ሂድ እንጂ! ምን ትቆማለህ? ሰይድ ደረሰብህ!» ብሎ ጮኸ በላቸው።

የደሴው ሰይድ ጎማውን ለጥፎ ከኋላ ኩርባው ላይ ብቅ ብሏል። ጀማሉዲን አቅሙ አልቋል። ፒያሳ ሳይደርስ ሰይድ እንደሚቀድመው ያውቃል። ምናልባት ደግሞ ላይቀድመው ይችላል። ያቺ «ምናልባት» ከሁሉ ባሰችበት።

ከብስክሌቱ ዘሎ ወረደና ወደ በላቸው ደረት ገፋው።

«ያዝ! ግማሹ ጎማ ያንተው ነው!»

«በጊዮርጊስ፣ ጀማል፣ የመጨረሻህ እኮ ነው…»

«የመጨረሻዬ መሆኑን አጣሁት? ሳልናደድ ውጣ!»

በላቸው ወጣ፤ ሄደ። ሰይድም ጀማሉዲንን እንደ ንፋስ አልፎት ሄደ። ጀማሉዲን የተነፈሰውን ብስክሌት እየገፋ፣ ኮሚቴውንም፣ ድንጋዩንም፣ ገዛ እግሩንም እየረገመ መጓዝ ያዘ። አለቀሰም። ሰው ስላልነበረ ፊቱን አልሸፈነም።

ብዙ ከተጓዘ በኋላ የኮሚቴው መኪና ከደሴ በኩል መጥታ አጠገቡ ቆመች። ቀለሙ ሳይወርድ መዝገቡን ገለጠ።

«በላቸው አንደኛ ወጥቷል» አለ። «የገባው ግን በሁለት ወፍራም ጎማ ነው። በቃለ ጉባኤው ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ነበር። ሁለቱንም ለእሱ የሰጠው ማነው?»

ጀማሉዲን ብስክሌቱን ድንጋዩ ላይ አጋደመው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ይጻፉት፣ ጓድ ሊቀመንበር። በጉልህ ይጻፉት።»