ከላኪው ጋር ያለዎት ዝምድና

አቻምየለሽ ስህተቱን ያየችው የእንግሊዝ አገር መግቢያ ማመልከቻዋ ከተላከ በአራተኛው ቀን ነው። ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሀይረዲን ኮፒ አንስቶ የመለሰላትን የባንክ ቅጾች በየዓመታቸው እየለየች በላስቲክ ታስር ነበር። ፌኔት ከሎንዶን የምትልክላትን ገንዘብ ስትቀበል የሞላቻቸው ናቸው። በእያንዳንዱ ቅጽ ግርጌ «ከላኪው ጋር ያለዎት ዝምድና» የሚል ጠባብ ሳጥን አለ። ሁሉም ላይ በራሷ እጅ፣ ፊደሉን እየለቀመች፣ «አክስት» ብላለች። አንዱ ላይ ግን «እናት» ይላል።

ወረቀቱን ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። መልሳ ገለበጠችው። ቀኑ የ2007 ነው፤ ፌኔት ሎንዶን ገብታ የመጀመሪያ ደመወዟን ያገኘች ሰሞን። ያን ቀን ባንክ ቤት ተሰልፋ ደስ ብሏት እንደነበር ትዝ አላት። ደስታ ሰውን ያዘናጋል ብላ ዕድሜዋን ሙሉ የምትጠነቀቅ ሴት፣ ያን ቀን ብቻ ተዘናግታ ነበር።

የጻፈችው እውነት ነው። ፌኔትን የወለደችው እሷ ናት። ማመልከቻው ግን አመልካቿ የልጅቷ አክስት ናት ይላል፤ የዚህ ቅጽ ኮፒ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ተያይዞ ሄዷል።

እንዲህ ያለውን ስህተት ሌላ ሰው ቢሠራው አይገርምም። የእሷ ሱቅ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር አጠገብ ነው። ጥየቃ የሚመጣ ሰው ስልኩን ይዞ ስለማይገባ እሷ ጋ ያስቀምጣል፤ እሷም ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ትሰጠዋለች። ስልኩን ሲያስረክብ ደግሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ከሆነ፣ እውስጥ ምን እንደሚጠይቁት ይጠይቃታል። «ምኑ ነሽ ይሉሻል፤ ሳታስቢ መልሺ» ትላቸዋለች ሴቶቹን። «ባለፈው እህቱ ነኝ ካልሽ ዛሬም እህቱ ነሽ።» ስንቱን ስትመክር የኖረች ሴት ናት።

ነገሩ የተጀመረው በ1996 ነው። ባሏ ቢቂላ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ሲሠራ ኖሮ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ታላቅ እህቷ ልዕልት ከቦሎኛ ለእረፍት መጣች። ጣሊያን አገር አሮጊቶች ስታስታምም ኖራ ዜግነት አግኝታለች፤ አላገባችም፣ አልወለደችም። የፌኔትን ደብተር ገልጣ አየችና ልጅቷን ስጪኝ አለች። የእህት ልጅ መውሰድ አይቻልም፤ የወለዱትን መውሰድ ግን ይቻላል። ስለዚህ እናት በሚለው ቦታ ልዕልት ታደሰ የሚል የልደት ወረቀት ወጣ። ማን እንዳወጣላቸው አቻምየለሽ ዛሬም አትናገርም። የአባቷን ስም አልነኩትም።

ከዚያ ልምምዱ ነበር። ፌኔት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በየማታው ከእራት በኋላ አቻምየለሽ እንደ ኤምባሲ ሰው ኮስተር ብላ ትቀመጥና፣ እናትሽ ማን ናት ትላታለች። ልዕልት ታደሰ ትላለች ልጅቷ። ይቺ ያመጣችሽስ? አክስቴ። ሳትሳሳት ከመለሰች ከረሜላ ታገኛለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እየሳቀች ነበር የምትመልሰው፤ ኋላ መሳቁን ተወችው። የቀጠሮው ዕለት ዓይኗን ሳታርገበግብ መለሰች። ወጥተው መንገዱን ሲወርዱ አቻምየለሽ እጇን ልትይዛት ስትል ልጅቷ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

ፌኔት ጣሊያን አገር አደገች፣ ተማረች፣ ፓስፖርቱን አገኘች። በ2007 ሎንዶን ሥራ አገኘችና ቪዛ ሳትጠይቅ ሄደች። የዚህ ምሥጢር አቻምየለሽን ሁልጊዜ ይገርማት ነበር። እንግሊዝና ጣሊያን በአንድ ኅብረት ውስጥ ስለሆኑ የአንዱ ሰው ሌላው ጋ እንደልቡ ይኖራል አለቻት ልጇ በስልክ። እንዲህ ቀላል የሆነ ነገር መጨረሻው አያምርም ስትል አቻምየለሽ በልቧ አሰበች።

ዓመት ሳይሞላ፣ ሰኔ 2008፣ ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሆና ሬዲዮው ሲናገር ሰማች። እንግሊዞች ከኅብረቱ እንውጣ ወይስ እንቆይ ተባብለው ድምፅ ሰጥተዋል፤ እንውጣ ያሉት በልጠዋል።  ከኋላ የተቀመጡት ጎረምሶች የአርሰናል የውጭ ተጫዋቾች ይባረሩ እንደሆነ ይከራከራሉ። ረዳቱ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ «መውጣት የነበረበት አርሰናል ራሱ ነው» አለና ታክሲውን ሁሉ አሳቀው። እሷ መልሷን ሳትቀበል ወረደች።

በዚያው ምሽት ደወለች። ፌኔት ሳቀችባት። «እማዬ፣ አንቺ እኮ ገና ደመና ሳይመጣ ልብስ የምታስገቢ ሰው ነሽ» አለቻት። ልዕልትም ከቦሎኛ ደውላ፣ የተናደዱ ሽማግሌዎች የሠሩት ነገር ነው፣ ነገ ይቀለበሳል አለች። አልተቀለበሰም። አራት ዓመት ሙሉ ወጡ ሲባል አልወጡም፣ አልወጡም ሲባል ወጡ። አቻምየለሽ የጠቅላይ ሚኒስትሮቻቸውን ስም ከዕድሯ ዳኞች ስም ይልቅ ታውቅ ጀመር። ጎረቤት ይስቅባት ነበር። ቤቱ ተቀምጦ በአንዲት ወረቀት ላይ ምልክት ያደረገ ሰው፣ ቃሊቲ የምትኖር ሴት የማታውቀውን በር ሲዘጋባት፣ ለማን ይነገራል?

በ2013 መግቢያ ፌኔት ማርገዟን ነገረቻት። ባሏ አብሯት የሚሠራ ጭምት ልጅ ነው፤ ቤተሰብ የለውም። የምትወልደው የካቲት ላይ ነበር። እማዬ መጥተሽ ታርሽኛለሽ አለቻት፤ አቻምየለሽም ይሄን ያህል ዘመን ስትፈራ የኖረችው ለዚህ እንደሆነ ገባት። ልጅ ስትወልድ እናት ካላረሰቻት የማን እናት ነች?

ፌኔት ሕጉን አጣርታ ነገረቻት። እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ድረስ፣ እንደ ፌኔት ያለ የኅብረቱ ዜጋ የሚጦራትን አክስቱን ለማምጣት ማመልከት ይችላል። ከዚያ በኋላ አይችልም። እናቱን ግን ከዚያ በኋላም ማምጣት ይችላል። አቻምየለሽ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ያ ሁሉ ድምፅ፣ ያ ሁሉ ክርክር እናቶችን አልነካም። የቆረጠው አክስቶችን ነው።

ስለዚህ እንደ አክስት፣ በሩ ሳይዘጋ፣ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ አመለከተች። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሀይረዲን በኮምፒውተሩ ሞላላት። እሷ ደግሞ ሻንጣ ገዛች። የገንፎ ዱቄት፣ ተነጥሮ በላስቲክ የታሸገ ቅቤ፣ አብሽ፣ ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ነጠላ ከተተችበት። ቤቷ አንድ ክፍል ስለሆነች ሻንጣውን በሩ ሥር አቆመችው። የበሩ የታችኛው መቀርቀሪያ ተሸፈነ። በላይኛው ብቻ እየዘጋች ተኛች፤ ይህን የሚያውቃት ሰው ቢያይ ባላመነ። ግዴለም፣ ለጥቂት ቀን ነው አለች ለራሷ።

ቅጹን ካየች በኋላ ለማንም አልተናገረችም። ምናልባት አያዩት ይሆናል ብላ አልተጽናናችም፤ ያዩታል። መቼ እንደሚያዩት ብቻ ነበር የምትጠብቀው።

ጥር ላይ ኢሜይል መጣ። ሀይረዲን አነበበላት። አክስት ነኝ ብለዋል፤ በእጅዎ የሞሉት ቅጽ ግን እናት ይላል፤ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ያስረዱ ይላል። ሀይረዲን ፊቱ በራ።

«እንዴ፣ እትዬ አቻምየለሽ፣ እናት ከሆኑማ ቀላል ነው» አለ። «እናት አሁንም ይገባል። በምራቅ መርምረው በሳምንት ይነግሩዎታል።»

«አይደለሁም» አለች።

ሀይረዲን አያት። ፊት ለፊቱ እሷ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ከማመልከቻው ጋር የተላከው የፌኔት ፓስፖርት ኮፒ፤ ያው አንድ ግንባርና አንድ አገጭ ይታይ ነበር። ዓይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ።

«ለነገ ላቆይልዎት?» አለ።

ማታ ፌኔት ደወለች። ደብዳቤው ለእሷም ደርሷታል። ድምፅዋ ቀጭን ሆኗል።

«እማዬ፣ ልንገራቸው። ልጇ ነኝ ልበላቸውና የመጣው ይምጣ።»

አቻምየለሽ የሚመጣውን አንድ በአንድ ነገረቻት። ምርመራው እናት ናት ካለ፣ ቦሎኛ የገባችበት የልደት ወረቀት ውሸት ነው። ወረቀቱ ከተነሳ ፓስፖርቱ ይነሳል። ፓስፖርቱ ከተነሳ ሎንዶን የለም፣ ሥራው የለም፣ የሚወለደው ልጅም የየት አገር ሰው እንደሆነ አይታወቅም። ልዕልት በስድሳ አራት ዓመቷ ፍርድ ቤት ትቆማለች። ይህን ሁሉ ስትናገር ልጇ እንደ ድሮው እንድትስቅባት፣ እማዬ ደግሞ ታጋንኛለሽ እንድትላት ጠበቀች። ፌኔት አልሳቀችም።

«ታዲያ ማን ያርሰኛል?» አለች በመጨረሻ።

«እትዬ ልዕልት አለች።»

«እሷማ...»

«በወረቀት እናትሽ ናት። ማንም አይከለክላትም።»

 ከዚያ ፌኔት የሆነ ሰው በር እያንኳኳ ነው ብላ ዘጋችው። አቻምየለሽ ምንም ማንኳኳት አልሰማችም።

በማግስቱ ሀይረዲን ጋ ሄደች። እሷ በአማርኛ ትናገራለች፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ፌኔት ቢቂላ የእህቴ የልዕልት ታደሰ ልጅ ናት። እናቷ አይደለሁም። ሕፃን ሳለች ስላሳደግኳት፣ በልማድ እናት ብዬ ጽፌያለሁ።

«በልማድ?» አለ ሀይረዲን ጣቱን አንሥቶ።

«በልማድ በል።»

የአማርኛውንም በእጇ ጽፋ እንድትፈርምበት ያስፈልግ ነበር። ያ ሳጥን ውስጥ ያለው እጅ ይሄው እጅ መሆኑን ያመሳክራሉ አላት። እናቷ አይደለሁም የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶው አልጽፍ አለ። ሀይረዲን ሌላ ሰጣት። ሲጨርሱ የአገልግሎቱን አልቀበልም አለ፤ እሷ ግን ጠረጴዛው ላይ ጥላለት ወጣች። ያዘነላት ሰው ነገ ያወራል ብላ ፈራች።

የካቲት ሳይገባ መልሱ መጣ። ማብራሪያዎ አላሳመነንም፤ ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም። እንደ አክስት እንደገና እንዳታመለክት ቀኑ አልፏል። እንደ እናት እንዳታመለክት ደግሞ እናት አይደለሁም የሚለው ደብዳቤ፣ በሁለት ቋንቋ፣ ከነፊርማዋ መዝገባቸው ውስጥ ገብቷል። ሀይረዲን ይግባኝ የሚባል ነገር አለ ብሎ ጀመረ። ተወው አለችው። ሻንጣውን ግን ከበሩ ሥር አላነሳችውም። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ በቀን ሦስት ጊዜ ጣቷን ትመታው ነበር።

ፌኔት ሴት ልጅ ወለደች። ልዕልት ከቦሎኛ አስቀድማ ገብታ ነበር። በዚያው እንደ እናት ማመልከቻ አስገብታ እዚያው ልትኖር ነው፤ ጡረታ ወጥታለች፣ ቦሎኛ ማንም የላትም። አቻምየለሽ ገንፎውን በስልክ አስረዳቻት፤ ዱቄቱን መጀመሪያ ቁዪው፣ ውኃም አታብዢበት። ልዕልት እሺ እሺ እያለች የራሷን ነው የሠራችው፤ ፌኔትም ጓጉሏል አለች።

ሕፃኗ አንድ ወር ሲሆናት፣ እሑድ ማምሻውን፣ በቪዲዮ ደወሉ። አቻምየለሽ ፀጉሯን ሸፍና፣ ስልኩን ስኳር ዕቃ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ልዕልት ሕፃኗን ይዛ ሶፋ ላይ አለች። ፌኔት አጠገቧ ናት፤ ፊቷ ጠውልጓል። አራስ ሊጠይቁ የመጡ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ። አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጎንበስ ብላ ወደ ስልኩ አየች።

«እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?» አለች ፌኔትን። «ቁርጥ አንቺን ይመስላሉ።»

ልዕልት ሕፃኗን ማባበል ጀመረች። አቻምየለሽ አፏን ሳትከፍት ፌኔት መለሰች።

«አክስቴ ናት።»

ዓይኗን አላርገበገበችም። ልክ እንደዚያን ጊዜው፣ ቶሎ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ከዚያ ዓይኗ ስልኩ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለች አቻምየለሽ፣ እንደማንኛውም ጠያቂ።

«አሜን፣ ያኑርልን» አለች ሴትዮዋ በፌኔት ፈንታ። «ለልጅቷ ምን ይዘው ሊመጡ ነው ታዲያ?»

አቻምየለሽ ኔትዎርኩ ተቆራረጠ አለቻቸውና ዘጋችው። አልተቆራረጠም።

መሽቷል። አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪኖቹ መውረድ ጀምረዋል፤ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ተነሥታ የላይኛውን መቀርቀሪያ ገፋች፣ ሳበችና አረጋገጠች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሻንጣውን በሁለት እጇ ያዘች። ከከተተችው ይልቅ ከብዶ ተሰማት። ቅቤው ላስቲኩን አልፎ መሽተት ጀምሯል። እየጎተተች ወሰደችና አልጋው ሥር ከተተችው፤ ሙሉ በሙሉ ስላልገባ በእግሯ ገፋችው።

ወደ በሩ ተመለሰች። የታችኛው መቀርቀሪያ ለወራት ሳይነካ ዝጎ ስለነበር እምቢ አለ። ጫማዋን አውልቃ በተረከዙ ሁለት ጊዜ መታችው። ገባ። እጀታውን ይዛ በሩን አንዴ ወዘወዘችው፤ አልተነቃነቀም።